የተማሪ ቪዛ ፎርም ላይ «አይ» የምትለዋ ሳጥን

ባለፈው አንድ ወዳጄ የታናሽ ወንድሙን የቪዛ ፎርም ላከልኝ። «እስኪ አንተም አንዴ እየው» አለኝ። ልጁ ማስተርሱን ካናዳ ሊማር አስቧል፤ ፎርሙን የሞላለት ኤጀንት ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የትምህርት ታሪክ፣ ሁሉም ልክ ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ከካናዳ ወይም ከሌላ ከማንኛውም አገር ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ይላል። ምልክቱ ያለው «አይ» የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ነው።

ይሄ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክሏል። ያን ቀን ከኤምባሲው በር እንደወጣ የደወለው ለእኔ ነው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ «ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቀው መለሱኝ» ሲለኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ደወልኩለት። አላስተባበለም። «ኤጀንቱ ነው እንደዚያ ያደረገው። ሌላ አገር ስለሆነ አያዩትም፣ አዎ ካልክ ግን አለቀልህ አለኝ» አለ። አላላገጥኩበትም። ይህን ምክር ስንት ሰው ተቀብሎታል! ግን እስኪ ነገሩን እንደ ሒሳብ እንየው። የደበቀው ነገር ቢነገር ስንት ያስከፍለዋል? መደበቁስ?

ከመጀመሪያው ልጀምር። (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ የተማሪ ቪዛ ስትከለክል አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቅሰው የኢሚግሬሽን ሕጓን አንቀጽ 214(ቢ) ነው። አንቀጹ የሚለው ነገር ለመስማት ትንሽ ይከብዳል። አመልካች ሁሉ መጀመሪያውኑ ሄዶ ሊቀር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ እንዳልሆነ ማሳመን የራሱ የአመልካቹ ሥራ ነው። ኦፊሰሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካላመነ ወረቀቱን ሰጥቶ ያሰናብታል። በቃ፣ ያ ነው። ዕገዳ የለበትም፣ የዓመት ገደብ የለበትም። ክፍያውን እንደገና ከፍሎ በሚቀጥለው ሳምንት ማመልከት ይቻላል። በ2024 የበጀት ዓመት ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ፣ ለኤፍ-1 ማለቴ ነው፣ ከቀረቡት ማመልከቻዎች 41 በመቶ ያህሉ ውድቅ ተደርገዋል። ከ10 ሰው 4 ማለት ነው። የካናዳው ኦፊሰር «ተከልክያለሁ» የሚል ሰው ሲያይ ጉድ አይልም። በየቀኑ የሚያየው ነው።

ሁለተኛው ክልከላ ሌላ ነው። የሐሰት መረጃ ሰጥተሃል፣ ወይም ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሃል ተብሎ የሚጻፈው። እዚህ ላይ የአገሮቹ ሕግ ይጠነክራል። ካናዳ 5 ዓመት ታግዳለች፤ በእነዚያ ዓመታት ለቋሚ መኖሪያ ማመልከትም አይቻልም። አውስትራሊያ ለሐሰት ሰነድና መረጃ 3 ዓመት፣ ማንነትን ለማጭበርበር 10 ዓመት። እንግሊዝ 10 ዓመት። አሜሪካማ ጭራሽ ቁጥር አላስቀመጠችም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ልዩ ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ግን በየማመልከቻው እየለመኑ መኖር ነው።

እንግዲህ የልጁ ሒሳብ ይኸውና። ቢነገር ዜሮ ዓመት የሚያስቀጣ ነገር ለመደበቅ ብሎ የ5 ዓመት ቅጣት ሊያመጣ የሚችል ነገር ሠርቷል። የብዙ ሰው የቪዛ ውሸት እንዲህ ነው። የሚደብቁት ነገር ብዙ ጊዜ አያስከለክልም፣ ቢያስከለክልም በሚቀጥለው ይስተካከላል። ከመደበቁ የሚመጣው ግን ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«አያዩትም» የምትለዋ ነገርስ? ያያሉ። አሜሪካና ካናዳ የቪዛ መረጃ ለመለዋወጥ የተፈራረሙት በ2012 ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በኢሚግሬሽን ጉዳይ አሻራ እርስ በርስ ያመሳክራሉ። ልጁ አሜሪካ ኤምባሲ የሰጠው የአሥር ጣቱ አሻራ፣ ካናዳ ስትጠይቀው ጣቶቹን ይቀይራል?

ፊርማው የማን ነው?

ስለ ኤጀንት መናገር ያስፈልጋል። ቅን ኤጀንቶች አሉ፤ ልፋታቸውንም አልክድም። ዩኒቨርሲቲ መርጠው፣ ሰነድ አደራጅተው፣ ቀነ ገደብ አስታውሰው፣ ሰውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ አውቃለሁ። ችግሩ የሚመጣው «አንተ ዝም በል፣ እኔ አሳምሬ እሞላልሃለሁ» የሚለው ጋ ነው።

ምክንያቱም በሕጉ ፊት ፎርሙን የሞላው ኤጀንቱ አይደለም። የአሜሪካው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም፣ ዲኤስ-160፣ መጨረሻው ላይ «ሲሞሉ የረዳዎት ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቢረዳም ባይረዳም ግን የፓስፖርት ቁጥሩን አስገብቶ የፊርማውን ቁልፍ መጫን ያለበት ራሱ አመልካቹ ነው። የካናዳ ሕግ ደግሞ የሐሰት መረጃ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» ቢቀርብ እኩል ነው ይላል። «ኤጀንቱ ነው የጻፈው፣ እኔ አላየሁትም» ብሎ የተከራከረ ብዙ ነው። ፍርድ ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሱት ያው ነው፦ ማየት ነበረብህ።

ካናዳ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ የሚወክል ሰው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የተመዘገበ አማካሪ መሆን አለበት፤ ስሙም ማመልከቻው ላይ ይጻፋል። ኤጀንታችሁ «የእኔን ስም አታስገቡ» ካለ ነቃ በሉ። ገንዘባችሁን ይዟል፣ ስሙ ግን ፋይላችሁ ውስጥ የትም የለም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በ2023 ዓለም አይቶታል። ካናዳ የሚኖሩ ብዙ የሕንድ ተማሪዎች ከአገር ሊባረሩ ነው የሚል ዜና ወጣ። ከዓመታት በፊት የገቡበት የኮሌጅ ቅበላ ደብዳቤ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ ካናዳ ከደረሱ በኋላ ኤጀንቱ «ኮሌጁ ሞልቷል፣ ሌላ ፈልጉ» ብሏቸው ሌላ ቦታ ተመዝግበው ተምረዋል፣ ተመርቀዋል፣ ሥራ ይዘዋል። ነገሩ የፈነዳው ቋሚ መኖሪያ ሲያመለክቱ ነው። መንግሥት ጉዳያቸውን አንድ በአንድ የሚያጣራ ቡድን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 103 ጉዳዮች ታይተው 63ቱ ከልባቸው ለመማር የመጡ መሆናቸው ታመነ፤ 40ዎቹ አልታመነላቸውም። የታመነላቸውም ቢሆኑ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው እንዳደሩ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተቀይሯል። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ካናዳ እያንዳንዱን የቅበላ ደብዳቤ ላከ ከተባለው ኮሌጅ ጋር በቀጥታ ታመሳክራለች። በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ወደ 500 ሺህ ደብዳቤ ተመሳክሮ ከ10 ሺህ በላይ የሚሆነው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል። ድሮ «ያልፋል» ይባል የነበረው ዛሬ ገና ከመነሻው ይያዛል። ምናልባት ለአመልካቹም ይሄ ይሻለዋል፤ ስድስት ዓመት ኖሮ ከመነቀል ከደጅ መመለስ።

ያልዋሸም ሰው «ዋሽተሃል» ከተባለ ስሙን ማጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት እንግሊዝን ማየት ነው። በየካቲት 2014 የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም አንዳንድ የእንግሊዝኛ መፈተኛ ጣቢያዎች ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲፈተን በድብቅ ቀርጾ አሳየ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ድምፅ እያወዳደረ አጣራ። ከ58 ሺህ በላይ ፈተና ውስጥ 97 በመቶው አጠራጣሪ ነው ተባለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ቪዛቸው ተሰረዘ። ያጭበረበሩ ነበሩበት፤ ያላጭበረበሩም ነበሩበት። እነዚህኞቹ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ዓመታት አልፈዋል፤ የረቱም አሉ። ንጹሑ ሰው ይህን ያህል ከተንገላታ፣ በገዛ እጁ ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደረገው ምን ብሎ ይከራከራል?

ባንክ ስቴትመንቱ ራሱ ይናገራል

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው የሚዋሸው ከጭንቀት ነው። ቁጥሮቹም ያስጨንቃሉ። ካናዳ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለአንድ ሰው የዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር አሳዩ ትላለች። አውስትራሊያ 29,710 የአውስትራሊያ ዶላር። ጀርመን 11,904 ዩሮ። ይህን ሲያዩ ነው «ለሁለት ሳምንት አካውንትህ ላይ እናስቀምጥልሃለን፣ ከዚያ እንወስደዋለን» የሚሉ ሰዎች ገበያቸው የሚደራው።

የባንክ ስቴትመንት አንድ ጊዜ እንደ ኦፊሰር ሆናችሁ አንብቡት። ከላይ ወደ ታች። ደሞዝ ገባ፣ ወጣ። ትንሽ ገባ፣ ወጣ። ስድስት ወር እንዲህ ይሄድና ማመልከቻው ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው በአንድ ቀን የዓመት ደሞዝ አምስት እጥፍ ገቢ ይሆናል። ኦፊሰሩ መርማሪ መሆን አያስፈልገውም። «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። እንግሊዝ ገንዘቡ ቢያንስ 28 ተከታታይ ቀን አካውንት ውስጥ ይቆይ የምትለውም ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ለማንጓለል ነው። ጀርመን ደግሞ ሌላ ዘዴ አላት። ገንዘቡ ዝግ አካውንት ውስጥ ይገባል፣ ተማሪው በወር 992 ዩሮ ብቻ ያወጣል። ለማሳያ የመጣ ገንዘብ በዚህ ቀዳዳ አያልፍም።

ግን ልብ በሉ፣ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ሁሉ ውሸት አይደለም። አጎት መኪናውን ሸጦ ይሰጣል። እናት የዕቁብ ብሯን ታወጣለች። ይህ ሲሆን የሚያስፈልገው ማብራሪያ ነው። የሽያጩ ውል፣ የሰጪው ሰው ደብዳቤ፣ ከእሱ አካውንት መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት። ብድርም ነውር አይደለም። ካናዳም፣ አውስትራሊያም፣ እንግሊዝም ከባንክ የተገኘ የትምህርት ብድር በየደንባቸው ይቀበላሉ። ብድር መሆኑን ደብቆ «የራሴ ቁጠባ ነው» ሲባል ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንዳንዴ የእውነቱ ታሪክ ከተፈበረከው የተሻለ ቪዛ የሚያሰጥ ሆኖ ሳለ ሰው ፈርቶ ይጥለዋል። ይሄ ያናድደኛል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውም እንዲሁ ነው። ማኅተም ማስቀረጽ ቀላል ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ግን ይደወልበታል፤ ያነሳው ሰው «ማነው እሱ?» ካለ አለቀ። አሜሪካ ከ2019 ጀምሮ አመልካቹ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ትጠይቃለች፤ ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዛለች። ፎርሙ ላይ «ሒሳብ ሠራተኛ»፣ ሊንክድኢን ላይ «ሥራ ፈላጊ» ሆኖ መገኘት ደስ አይልም።

«ትመለሳለህ ወይ?»

ሁሉም ሰው የሚዋሽበት ጥያቄ ይህ ነው ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ስንት ሰው ነው «ላገሬ የምሠራው ብዙ ነገር አለኝ፣ ተምሬ እመለሳለሁ» የምትለዋን በቃሉ አጥንቶ መስኮቱ ጋ የቀረበው! ኦፊሰሩ ግን በዚያ ቀን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ሰው ሰምቷል። እውነት ቢሆን እንኳን እውነት አይመስልም።

መጀመሪያ፣ አገሮቹ የሚጠይቁት አንድ አይደለም። የካናዳ ሕግ ወደፊት ቋሚ ነዋሪ የመሆን ፍላጎት መኖሩ ብቻውን የተማሪ ፈቃድ አያስከለክልም ይላል። የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ ትወጣለህ ወይ የሚለው ነው ዋናው። አውስትራሊያም «ጊዜያዊ ቆይታ» ላይ ያተኩር የነበረውን መለኪያዋን በመጋቢት 23 ቀን 2024 ትታ «እውነተኛ ተማሪ ነህ ወይ?» ወደሚል ቀይራዋለች። አሁን አመልካቹ ፎርሙ ውስጥ እያንዳንዷን ጥያቄ ከ150 ባልበለጠ ቃል ይመልሳል። ለምን ይህን ትምህርት? ለምን እዚህ? ምን ይጠቅምሃል? በ150 ቃል ከኢንተርኔት የተቀዳ ድርሰት አይገባም፣ የራስ ሐሳብ ግን በደንብ ይገባል። ለእነዚህ አገሮች «በፍጹም የመቅረት ሐሳብ የለኝም» ብሎ መማል፣ ያልተጠየቀ ውሸት መዋሸት ነው።

አሜሪካ ግን እንድትመለስ ትጠብቃለች። ትምህርቱ ሲያልቅ የመመለስ ሐሳብ ሊኖርህ ይገባል። እሱም ቢሆን የሚጠየቀው የዛሬው ሐሳብ ነው። የ21 ዓመት ልጅ በ27 ዓመቱ የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ ቆንስላውም ይህ አይጠፋውም። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ማለት ዕቅድን በዝርዝር መናገር ነው። «የተማርኩት ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ሦስት ዓመት የመንገድ ሥራ ላይ ሠርቻለሁ፤ የአፈር ጥናት የሚያውቅ ስለሌለን በየፕሮጀክቱ ከውጭ ሰው እናስመጣ ነበር፤ የምማረው እሱን ነው» ያለ ሰው «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል ሳይጠራ መልሶታል። ዛሬ ቁርጥ አድርጎ ለመቅረት የወሰነ ሰው ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኤፍ-1 የእሱ ቪዛ አይደለም። ሌላ መንገድ ይፈልግ።

ከዚሁ ጋር የዘመድ ጥያቄ ይመጣል። አሜሪካ ያለ ወንድሙን የደበቀ ስንት አለ! ዲኤስ-160 የቅርብ ዘመድ አለህ ወይ፣ በምን ሁኔታ ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። ወንድም መኖሩ ብቻውን አያስከለክልም። የደበቁት ወንድም ከዓመታት በፊት በሞላው ፎርም ላይ ግን «ወንድሜ» ብሎ ስምህን ጽፎ ሊሆን ይችላል።

ሐቀኝነት ማለት ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ መዘርገፍ አይደለም። ቆንስላው ንስሐ አባት አይደለም። የተጠየቀውን መመለስ ነው። እዚህም ላይ አገሮቹ ይለያያሉ። በአሜሪካ አሠራር ሳይጠየቁ ዝም ማለት ብቻውን ሐሰት እንደመናገር አይቆጠርም። የካናዳ ሕግ ግን ለውሳኔው ወሳኝ የሆነን ነገር መደበቅንም ከውሸት እኩል ያየዋል። ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ግማሹ ሥራ ነው። «ተከልክለህ ታውቃለህ?» ሲል ከየትኛው አገር ነው? «ሥራ» ሲል የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ማገዝ ይገባል? ካልገባችሁ የማብራሪያ ሳጥኑ ውስጥ ጻፉት።

ከገባ በኋላ ስህተት ያገኘ ሰውም አለቀለት ማለት አይደለም። ከውሳኔ በፊት ከሆነ በፍጥነት ጽፎ ማረም ይቻላል። ካናዳ ሐሰት አለ ብላ ከጠረጠረች ከመወሰኗ በፊት ጥርጣሬዋን ጠቅሳ ደብዳቤ ትልካለች፤ ለዚያ ደብዳቤ ቀነ ገደቡን ሳያሳልፉ መመለስ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኢንተርቪው ላይ የተሳሳተ ነገር የተናገረ ሰው፣ ኦፊሰሩ ሳያጋልጠው በፊት እዚያው በራሱ ፈቃድ «ይቅርታ፣ ቅድም ያልኩት ልክ አይደለም» ካለ፣ ያ ንግግር እንደ ሐሰት ላይያዝበት ይችላል። መስኮቱ ጋ ቆሞ ያችን ለማለት ወኔ ይጠይቃል። ከበር ከወጡ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

ሐቀኛ ሰው ቪዛ ያገኛል አላልኩም። ሁሉን ነገር ልክ አድርጎ የተከለከለ አለ፣ ቀጥፎ ያለፈም አለ። ለዚያ መልስ የለኝም።

ልጁ ምን አደረገ? «አይ» የምትለዋን ሳጥን አጥፍቶ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ። የማብራሪያ ቦታው ላይ ሦስት መስመር ጻፍን። በየትኛው ወር፣ የአሜሪካ ኤፍ-1 ቪዛ፣ በአንቀጽ 214(ቢ)፤ በዚያን ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ እንደነበር፣ አሁን ሁለት ዓመት መሥራቱ። ከሰጡት ወረቀት ኮፒ ጋር አያያዝነው። ጠቅላላ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ኤጀንቱ ተቆጣ። «እንግዲህ ኃላፊነቱን ራስህ ውሰድ» ብሎ ጻፈለት። ልጁ ስክሪንሾቱን ላከልኝና «ድሮስ የማን ነበር?» አለኝ። ውሳኔው ገና አልመጣም። ቢከለክሉትም በሚቀጥለው ፎርም ላይ ከሦስቱ መስመር ሥር አንድ መስመር ይጨምራል።